የቀጥቃጩ ዕውቀት
7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ሴባስቶፖል ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተጎተተ። ታሪክ ዐፄ ቴዎድሮስንና አውሮፓውያኑን ሠራተኞች መዝግቧል፤ ለገበሬው ማረሻ ብረት ያነጥሩ የነበሩትን ቀጥቃጮች ስም ግን አላቆየም።

ቀጥቃጩ የብረቱን ድንጋይ በመዶሻ ያደቅቃል፤ ከከሰል ጋር ምድጃ ውስጥ ይጨምራል፤ በወናፍ ያናፋል። ድንጋዩ ሲደቅ ገጹ ስለሚበዛ፣ የከሰሉ ጋዝ ኦክሲጅኑን ፈጥኖ ይነጥቀዋል። ዱቄት እስኪሆን ከተፈጨ ደግሞ የነፋሱን መንገድ ይዘጋል። ይህን ልክ በእጁ የሚያውቅ ባለሙያ «ቡዳ» ይባል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ንቀቱ ከዐዋጁ በኋላም ኖረ። ሙያውም ተተኪ እያጣ ቦታውን ለውጭ ብረት ለቀቀ።