እግሩ ያጠረው ጠረጴዛ

ቡና በተገኘባት አገር «የቡና ጠረጴዛ» ላይ ቡና አይፈላም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሳሎን ቢገቡ ኮፊ ቴብሉን ሶፋው ፊት ያገኙታል፤ ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባና ሪሞት ተሸክሞ። ቡናው የሚፈላው ግን ከእሱ ራቅ ብሎ፣ ቄጤማ በተጎዘጎዘ ወለል ላይ ነው፤ ሲኒውም የሚደረደረው ረከቦት ላይ ነው። ለዚያ ጠረጴዛ ስም ያወጡለት ሰዎች የሚኖሩት ሌላ አገር፣ የሚቀመጡትም ሌላ ዓይነት ወንበር ላይ ነበር።

የዕቃው ዕድሜ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። አልጋና ወንበር ከፈርዖኖች መቃብር ይወጣሉ። ሶፋ ፊት የሚቀመጠው አጭር ጠረጴዛ ግን የትናንት ልጅ ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ አሮንሰን በ1938 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው የቤት ዕቃ ኢንሳይክሎፒዲያ፣ ይህ ጠረጴዛ በታሪክ ቀዳሚ እንደሌለው ገልጿል። እርግጥ በቱርክም በጃፓንም አጭር ጠረጴዛ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ እዚያ ግን ባለቤቱም መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። አዲሱ ነገር ሰው ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ ጠረጴዛው ብቻውን ዝቅ ማለቱ ነው።

ዝቅ ለማለትም ጊዜ ወስዶበታል። በአውሮፓ «የቡና ጠረጴዛ» ከተባሉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ እንግሊዛዊው አርክቴክት ኤድዋርድ ዊልያም ጎድዊን በ1868 የነደፈው ነው። ጎድዊን በዘመኑ ለንደንን ያጥለቀለቀው የጃፓን ጥበብ ፍቅር ያደረበት ሰው ነበርና ጠረጴዛውም እንደ ጃፓን ሥራ ቀጫጭን እግርና ቀጥ ያለ መስመር አለው። ቁመቱ ግን 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ እህል ከሚበላበት ጠረጴዛ ብዙም አያንስም። ለዛሬ ሶፋ ይቅረብ ቢባል፣ የተቀመጠው ሰው ሲኒውን ለማንሳት ክንዱን እስከ ደረቱ ማንሳት ሊኖርበት ነው።

እግሩን ማን ቆረጠው ለሚለው ጥያቄ መልስ አለኝ የምትል ከተማ አለች። ሚሺጋን ውስጥ የምትገኘው ግራንድ ራፒድስ፣ በ1876 በፊላደልፊያው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ዕቃዎቿን ካሳየች በኋላ የአሜሪካ የቤት ዕቃ መዲና ተብላ ነበር። የከተማዋ ኢምፔሪያል የቤት ዕቃ ኩባንያ ኃላፊ ስቱዋርት ፉት፣ ኮፊ ቴብልን በ1920 ገደማ የፈጠርኩት እኔ ነኝ ይል ነበር፤ ባለቤቱ ግብዣ ስታሰናዳ ከተራ ጠረጴዛ ላይ እግሩን አሳጥሮ እንደሰጣት ይናገራል። ታሪኩ ለማስታወቂያ የተመቸ መሆኑ ያጠራጥራል። ያም ሆኖ አናጢ የሆነ ሰው አይስቅበትም፤ መጋዝና አንድ ከሰዓት በኋላ ያለው ሰው ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነውና።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን በፋብሪካ ቁጥር ሊተረክ ይችል ነበር። የዚህን ጠረጴዛ መልክ ግን ከፋብሪካ ይልቅ ያስተካከሉት በአንድ ዓመት፣ በ1942፣ በሁለት በረሃዎች በሽቦ አጥር የታጠሩ ሁለት ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ኢሳሙ ኖጉቺ ነው። በ1904 ሎስ አንጀለስ ከጃፓናዊ ገጣሚና ከአሜሪካዊት ጸሐፊ ተወለደ። ሙያው ቅርጻ ቅርጽ ነበር። በ1939 የኒው ዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ፕሬዚዳንት ለነበሩት ለኮንገር ጉድይር ከሮዝውድ እንጨትና ከመስታወት አንድ ጠረጴዛ ሠራላቸው። ሥራው ታየለት፤ ሮብስጆን ጊቢንግስ የተባለ በእንግሊዝ የተወለደ የቤት ዕቃ ነዳፊም እንዲሁ ያለ ጠረጴዛ እንዲነድፍለት ጠየቀው። ኖጉቺ ትንሽ የፕላስቲክ ሞዴል ሠርቶ ሰጠ። ወሬው በዚያው ጠፋ።

በመካከሉ አሜሪካና ጃፓን የተዋጉበት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 በፈረሙት ትዕዛዝ በምዕራቡ የአሜሪካ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ ከ110 ሺህ በላይ የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነስተው ካምፕ ገቡ፤ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ኖጉቺ የኒው ዮርክ ነዋሪ ስለነበር ትዕዛዙ እሱን አይነካውም። እሱ ግን በገዛ ፈቃዱ አሪዞና በረሃ ወደሚገኘው ፖስተን ካምፕ በሜይ ሄደ፤ ለታሳሪዎቹ መናፈሻ፣ የቤዝቦል ሜዳ፣ መዋኛ፣ የመቃብር ቦታ ሳይቀር ልንደፍ ብሎ። ንድፉ ወረቀት ላይ ቀረ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አቧራው አያስቀምጥም። ልውጣ ሲል ደግሞ እንደገባው በገዛ ፈቃዱ መውጣት አልተቻለም፤ ኖቬምበር ድረስ ተቀመጠ።

በዚያው ሰሞን ነው አንድ ማስታወቂያ ላይ የራሱን ጠረጴዛ፣ ትንሽ ተለዋውጦ፣ በጊቢንግስ ስም ሲሸጥ ያየው። ኖጉቺ በሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ሰውየውን ሲወቅሰው ያገኘው መልስ ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛ ማንም ሊሠራ ይችላል የሚል ነበር። ብድሩን ለመመለስ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ተመሥርቶ ሌላ ጠረጴዛ ነደፈ፤ ከመጀመሪያው የበለጠ የተራቆተ፣ የተረፈ ነገር የሌለበት። ይህ ሥራ አርክቴክቱ ጆርጅ ኔልሰን ጠረጴዛ እንዴት እንደሚሠራ በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ በሥዕል ወጣ። ኔልሰን ደግሞ ኸርማን ሚለር ለተባለው ኩባንያ የንድፍ ኃላፊ ሆነና ጠረጴዛው በ1947 ለገበያ ቀረበ። ኩባንያው ያለው ዚላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ እግር ቆራጩ ፉት ከኖረባት ከግራንድ ራፒድስ በመኪና ሰዓት አይሞላም።

ጠረጴዛውን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የሚያስገርመው የዕቃው ጥቂትነት ነው። ሦስት ነገር ብቻ ነው። ሁለቱ እንጨቶች እንደታጠፈ ክንድ የጎበጡ ናቸው፤ ሲለኩ ደግሞ አንድ ዓይነት፣ አንዱ እንደቆመ ሌላው ተገልብጦ። የሚያገናኛቸው አንድ ዘንግ ብቻ ነው። በላያቸው ርዝመቱ 127፣ ወርዱ 91 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው መስታወት ያርፋል። ምስማር የለ፣ ብሎን የለ፣ ኮላ የለ፤ መስታወቱን የሚይዘው የራሱ ክብደት ነው። ከወለሉ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ይላል፤ ጎድዊን ካቆመው በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርዷል ማለት ነው። ወለሉንም የሚነካው በሦስት ቦታ ነው። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ አያጣውም፤ ሦስት እግር ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም። ከአንደኛው እግሩ ሥር ካርቶን አጥፈው የሚወትፉለት ሁልጊዜ ባለ አራት እግሩ ነው።

ሁለተኛው ሰው ጆርጅ ናካሺማ ይባላል። በ1905 ዋሽንግተን ግዛት፣ ስፖኬን ከተማ ተወልዶ በሥነ ሕንጻ ከኤም አይ ቲ ማስተርስ የያዘ፣ ቶኪዮና ህንድ ውስጥ የሠራ አርክቴክት ነበር። በ1942 ከሚስቱና ከአራስ ሴት ልጁ ጋር አይዳሆ በረሃ ውስጥ ወዳለው ሚኒዶካ ካምፕ ተወሰደ። እዚያ ጌንታሮ ሂኮጋዋ የተባለ፣ ሙያውን በጃፓን ወግ የተማረ አናጢ አገኘ። ዲግሪ የጫነው ሰው የእጅ መጋዝና መሮ አያያዝን ከእሱ ጋር እየሠራ ተማረ። የሚሠሩት ከካምፑ ግንባታ በተራረፈ ጣውላና ከበረሃው በሚለቅሙት የቁጥቋጦ እንጨት ነበር። የተጣመመውን ለማቅናት በቂ እንጨት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ እንደተጣመመ ይጠቀሙበታል።

ቶኪዮ ሳለ አሠሪው የነበረው አርክቴክት አንቶኒን ሬይመንድ በ1943 ዋስ ሆኖ አስወጣውና ፔንሲልቫኒያ፣ ኒው ሆፕ ወደሚገኘው እርሻው ወሰደው። ናካሺማ እዚያው አካባቢ ወርክሾፕ አቋቁሞ እስኪሞት፣ እስከ 1990 ድረስ ሠራ። የእሱ ኮፊ ቴብል የግንድ ቁራጭ ነው፤ ጠርዙ በመጋዝ አልተስተካከለም፣ ቅርፊቱ ተልጦ ዛፉ በበቀለበት ኩርባ ቀርቷል። ሌላ አናጢ ጉድለት ብሎ የሚጥለውን ስንጥቅ እሱ መሀል ላይ ያሳየዋል። ስንጥቁ እንዳይከፋ በሁለት ጎኑ የሰፋ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ጠንካራ እንጨት በመሮ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ አግድም ይገባል። ወገቡ ስንጥቁ ላይ ያርፋል፤ ክንፎቹ ግራና ቀኙን እንደ መቆለፊያ ይይዛሉ። ስንጥቁ እዚያው ነው፤ ግን አይሄድም።

ይህ ብልሃት ቤቱ ውስጥ ለራሱ ለሚሠራ ሰው የማይጠቅም እንዳይመስል። ጦርነቱ እንዳበቃ አሜሪካ ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር ከአዲስ ቤት ጋር አዲስ ጋራዥ አገኘ። ብላክ ኤንድ ዴከር በ1946 ለቤት የሚሆን የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አወጣ፤ በማግስቱ ዓመት መጋዙም መሰርሰሪያውም በአንድ ማሽን የተጣመረበት ሾፕስሚዝ ተከተለ። በኦገስት 1954 ታይም መጽሔት ሽፋኑን ለዚሁ በራስ እጅ የመሥራት ልማድ ሰጠው። ጀማሪው ቅዳሜ ጋራዡ ገብቶ የሚሞክረው ዕቃ ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ጠረጴዛ ነው። መሳቢያ የለው፣ በር የለው፣ ሰው አይቀመጥበት። ጀማሪውን የሚያሳፍረው እንጨቱ ራሱ ነው። ጣውላ በእርጥበት ወራት በወርዱ ያብጣል፣ በደረቅ ወራት ይሰበሰባል። ገጹን በብሎን ከስሩ ጥርቅም አድርጎ ያሰረ ሰው፣ ብርጭቆ ወረቀቱንና ቫርኒሹን በስንት ትዕግሥት ጨርሶ፣ ከወራት በኋላ ገጹ ለሁለት ተሰንጥቆ ያገኘዋል። ያኔ ነው የናካሺማ ቢራቢሮ የሚታወሰው።

የኖጉቺ ጠረጴዛ ምርት በ1973 ተቋርጦ በ1984 ተመለሰ። አንዱ ንድፍ ቢወሰድበት በብስጭት የነደፈው ጠረጴዛ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ተመሳስለው ከሚሠሩ የቤት ዕቃዎች አንዱ ሆኗል። በዚህም የተነሳ ኩባንያው የኖጉቺን ፊርማ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ያስቀርጻል። ጋራዡ ውስጥ ለራሱ ሳሎን የሚሠራ ሰው ፊርማውን አይፈልገውም። ካርቶን ላይ አንድ የጎበጠ ክንድ ይስላል፣ ቀድዶ ጣውላው ላይ ያስቀምጣል፣ ዙሪያውን በእርሳስ ያሰምራል፤ ከዚያ ያንኑ ካርቶን አንስቶ ከጎኑ አንድ ጊዜ ደግሞ ያሰምርበታል።