ከለንደን ጎዳና እስከ ጨርጨር ተራሮች፦ ያልተቆጠረው ሕመም

እ.ኤ.አ. በ1817 ጀምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» በሚል ስም ስለ አንድ ሕመም ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የያዘው ማስረጃ የስድስት ሰዎች ሁኔታ ብቻ ነበር። ከእነሱም አንዳንዶቹን ያገኛቸው በመንገድ ላይ ሲሆን፣ አንደኛውንማ በሩቁ ከማየት በቀር ቀርቦ አልመረመረውም። እንዲህም ሆኖ እጅ ሥራ በፈታበት ሰዓት እንደሚንቀጠቀጥ፣ አካል ወደ ፊት እንደሚጎብጥ፣ እርምጃም ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ወደ ሩጫ እንደሚለወጥ ጻፈ። ታማሚዎቹ ከእሱ በፊትም በዚያው ጎዳና ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ግን የሚያያቸው ሁሉ እርጅና የተጫናቸው አድርጎ ይቆጥራቸው ነበር። የዚህ ሕመም ታሪክ ከመነሻው የሚያስረዳን አንድ ነገር አለ፦ የታማሚው ቁጥር የሚወሰነው ሕመሙ በመኖሩ ብቻ ሳይሆን ለይቶ የሚያይ ሰው በመኖሩም ነው። ይህ ትምህርት ዛሬ ለጭሮና ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በቀጥታ ይሠራል።

ከፓርኪንሰን በኋላ የመጣው እውቀትም በአብዛኛው የተገነባው በትዕግሥት በማየት ነው። ፈረንሳዊው ዣን ማርቲን ሻርኮ በፓሪሱ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ሕሙማንን ጎን ለጎን እያቆመ አነጻጸረ። እጅ ዕቃ ለማንሳት ሲዘረጋ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ፣ እጅ ባረፈበት ከሚመጣው ለየ። ምንም የማይንቀጠቀጡ፣ ሰውነታቸው ግን የሚገትርና የሚንቀራፈፍ ሕሙማን እንዳሉም አሳየ። ሕመሙ በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ያደረገውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ በአንጎል ግንድ ውስጥ ያለው ጥቁር ቀለም ያዘለ ሥፍራ በሕሙማኑ ላይ መጎዳቱን አረጋገጠ። በ1960 ኦሌህ ሆርኒኪዬቪችና ባልደረባው በሟቾች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እጅግ መቀነሱን አገኙ፤ በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ሌቮዶፓ በአፍ ሲወሰድ ሕሙማንን እንደሚያንቀሳቅስ አሳየ። ሌቮዶፓ እኮ በ1913 ከባቄላ ተለይቶ የወጣ ንጥረ ነገር ነው። ጥቅሙ እስኪታይ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተቀመጠ።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ዋና ማስረጃችን ነው። ሥልጠና የተሰጣቸው፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ነዋሪዎች ባሉበት አካባቢ የነርቭ ሕመም ምልክቶችን ጠየቁ፤ የተጠረጠሩትን ሐኪሞች መረመሩ። የሚጥል በሽታ ከ1,000 ሰው በ5.2 ሲገኝ፣ ፓርኪንሰን ግን ከ100,000 በ7 ብቻ ተገኘ። ይህም በተጠናው ሕዝብ ውስጥ አራት ሰው ገደማ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ይዞ «ሕመሙ የፈረንጅ ነው፤ እኛ ዘንድ ብርቅ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። በእርግጥ ሕመሙ በዕድሜ የሚበረታ ስለሆነ፣ ወጣት በሚበዛበት ሕዝብ ውስጥ ማነሱ ይጠበቃል። ግን ሒሳቡን እናስላው። ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ወገን 5 በመቶ ያህል ነው ብንል፣ በቡታጅራው ሕዝብ 3,000 አረጋውያን ይኖራሉ። በበለጸጉት ሀገሮች በዚህ ዕድሜ ከመቶው አንድ ሰው ገደማ ይታመማልና፣ በዚያው ልክ 30 ሰው መገኘት ነበረበት። በአራትና በሠላሳ መካከል ያለውን ርቀት ወጣትነት ብቻ አይሞላውም። ማርጋሬት ሄንና ሜልቪን ያር እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳሳዩት ሌቮዶፓ ከመምጣቱ በፊት ሕሙማኑ በሦስት እጥፍ ገደማ ፈጥነው ይሞቱ ነበር፤ መድኃኒት የማያገኝ ሰው ቆጣሪ እስኪመጣ ላይቆይ ይችላል። ሻርኮ የለየው የማይንቀጠቀጠው ዓይነት ደግሞ በማንም ቤት «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። በኪሊማንጃሮ ግርጌ፣ እንደ ምዕራብ ሐረርጌው ጨርጨር ቡና በሚበቅልበት የታንዛኒያው ሃይ ወረዳ ቤት ለቤት በተካሄደ ጥናት ከተገኙት ሕሙማን አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የሕመማቸው ስም ያልተነገራቸው ነበሩ።

ምዕራብ ሐረርጌ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። በቡታጅራው ልክ 130 ሰው፣ በበለጸጉት ሀገሮች ልክ ደግሞ 900 ሰው ገደማ ይሆናል። ትንሹን እንኳ ብንወስድ፣ ከጭሮ እስከ ገለምሶ፣ ከሂርና እስከ መኢሶ በየከተማውና በየገጠሩ ሕሙማን አሉ ማለት ነው። የነርቭ ሐኪሞቻችን ግን በብዛት ያሉት ከጭሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው አዲስ አበባ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ላይ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

«ጫት በሚቃምበት ሀገር የሚንቀጠቀጥ እጅ ምን ያስረዳል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከሻርኮ ዘመን ጀምሮ በእጃችን ነው። ጫትን የመሰለ አነቃቂ ነገር የሚያመጣው መንቀጥቀጥ ሁለት እጅ ሲዘረጋ ይታያል፤ የፓርኪንሰኑ በአብዛኛው በአንድ ወገን ይጀምራል፣ እጅ ጭን ላይ ባረፈበት ይበረታል፣ ሲኒ ለማንሳት ሲዘረጋ ይቀንሳል። ሲራመዱ የማይወዛወዝ አንድ ክንድ፣ እያነሰ የሚሄድ የእጅ ጽሕፈት፣ መንቀጥቀጡ ሳይጀምር ከዓመታት በፊት የሚጠፋ የማሽተት ችሎታ ሌሎቹ ምልክቶች ናቸው። ቡና ሲቆላ ሽታው የማይደርሳቸው አዛውንት መጠየቅ ይገባቸዋል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልና ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም ይህንኑ መልክ ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ማጣራት ብቻውን አንዳንዱን ሰው ከሥቃይ ያድናል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «መድኃኒቱ በሌለበት ስሙን ማወቅ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ነው። ሌቮዶፓ ሕመሙን ከሥሩ ባይነቅልም ሰውን ከአልጋ አንሥቶ ለዓመታት ያስኬዳል፤ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። የመድኃኒት ግዢ ደግሞ የሚታቀደው በተመዘገበ ሕመምተኛ ቁጥር ነው። በመዝገብ ላይ የሌለ ሕመም መድኃኒት አይታዘዝለትም፤ መድኃኒት ስለሌለም ማንም ሊመረምረው አይነሳም። ይህ አዙሪት የሚሰበረው ከምርመራው ወገን ነው። ምርመራው የሚፈልገው ዓይንና ጥያቄ ስለሆነ መነሻው ርካሽ ነው።

የቡታጅራው ጥናት ያረጋገጠው ትልቁ ነገርም ይኸው ነው፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሲሠለጥን የሚጠረጠረውን ለይቶ ወደ ሐኪም መላክ ይችላል። ዛሬ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ሐረር ላይ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ፣ ጭሮ ላይ ደግሞ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ። በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ፣ አውራጃው ለአዲስ አሠራር አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። አረጋውያኑን በስማቸውና በሕመማቸው ስም መመዝገብ ይህ አካባቢ ዛሬም ለሌላው አርአያ ሊሆንበት የሚችል ሥራ ነው፤ ለዚህም አሥር የማይሞሉ ጥያቄዎችና ጥቂት ቀናት ሥልጠና መነሻ ይሆናሉ።