ከቆዳ ሥር ያለችው አይጥ

እስቲ ክንዳችሁን አጠፍ ዘርጋ አድርጉት። ከቆዳ ሥር ሽር ብላ የምታልፍ ነገር አለች አይደል? የጥንት ግሪኮች እሷን አይተው ሳይሆን አይቀርም «ሚስ» ያሏት፤ አይጥ! በቋንቋቸው አይጥም ጡንቻም አንድ ቃል ነው። ሮማውያንም ብዙ አልራቁም፤ «ሙስኩሉስ» ማለት ትንሽ አይጥ ነው፤ የእንግሊዝኛው «መስል» የመጣው ከዚያ ነው። ጂም ገብተን ላባችንን የምናንጠፈጥፈው ለካ አይጥ ልናደልብ ኖሯል…

የግሪኳ አይጥ ከሌላ ቃል ጋር ስትጣመር «ሚዮ» ትሆናለች፤ በእንግሊዝኛ አነባበብ «ማዮ»። ማዮካርዲየም የልብ ጡንቻ ነው፤ ማያልጂያ የጡንቻ ሕመም። (በማዮፒያ ግን አትሸወዱ! እሱ ዓይንን ከማጥበብ የመጣ ነው፤ አይጥ የለበትም።)

ታዲያ እነ ባይሴፕስ ለምን የላቲን ስም ያዙ? በ2ኛው ክፍለ ዘመን የጴርጋሞን ግላዲያተሮችን ቁስል ያክም የነበረው ጋሌን ስለ ጡንቻ የጻፈው በግሪክኛ ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ እነ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ መጻሕፍቱን ወደ ሱርስትና ወደ ዐረብኛ መለሷቸው፤ ቆይቶም ወደ ላቲን ተሻገሩ። ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ታላቁን የአካል መጽሐፉን ሲያሳትም የሊቃውንቱ ቋንቋ ላቲን ነበር። ስለዚህ የአካል ክፍሎች ስም በአብዛኛው በላቲን ጸና፤ ባይሴፕስም «ባለ ሁለት ራስ» ማለት ነው። በሽታ ሲሆን ግን ሐኪሞች ወደ ግሪክ ይሮጣሉ፤ ግሪክኛ ቃል ከቃል ሲያጋጥሙት እሺ ይላል።

ከእነዚህ ግጣሞች አንዱን አዲስ አበባ ውስጥ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለንም፦ ማዮማ። እህቶቻችን፣ እናቶቻችን «ማዮማ አለብሽ» ተብለው፣ ካንሰር መስሏቸው እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ። ቃሉ ሲፈታ የጡንቻ እብጠት ነው፤ «ኦማ» እብጠት። ሙሉ ስሙ ሌዮማዮማ ሲሆን «ሌዮስ» ልሙጥ ማለት ነው፤ የማህፀን ጡንቻ ልሙጥ ከሚባለው ወገን ነውና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እብጠቱ ከዚሁ ጡንቻ እንደሚነሳ ያሳየው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርሾ ነው። ካንሰር አይደለም።

መሀሉ ላይ «ሳርክስ»፣ ማለትም ሥጋ፣ ሲገባበት ግን ሌዮማዮሳርኮማ ይሆናል። ይሄኛው ካንሰር ነው፤ ደግነቱ ከማዮማ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብርቅ ነው። (ሽሙጥ የምንለው ሳርካዝምም የዚሁ ሥጋ ዘመድ ነው፤ ሥጋን ከመቦጨቅ የመጣ!)

በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት አንዲት የግሪክ ቁራጭ ናት። እሷም ካርዱ ላይ የምትሰፍረው በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሐኪም የእጅ ጽሑፍ ነው።