«ማነው የሚነፋው?»

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ተኝተን ሳለ፣ ከጓደኞቻችን አንዱ በስልኩ የድሮ ዘፈን ከፈተ። ዘፋኙን ሁላችንም አወቅነው፤ ግጥሙንም አብረን አልን። እመሐል ላይ ዘፋኙ ዝም አለና ሳክስፎኑ ብቻውን ገባ። መጀመሪያ እንደሚያንጎራጉር ሰው ቀስ ብሎ፣ ኋላ እንደሚፎክር ሰው ጮኾ። ያን ጊዜ አንዱ ካልጋው ሆኖ፣ «ማነው የሚነፋው?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም። ዘፋኙን ከነትውልድ አገሩ የምናውቅ ልጆች፣ ያን ሁሉ ነገር የተናገረውን ሰው ስሙን እንኳ አናውቀውም ነበር።

ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን የጃዝ ታሪክ ግማሹ የተጻፈው በዚችው ጥያቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጥያቄዋን ከእኛ በፊት አጥብቀው የጠየቁት የአሜሪካና የፈረንሣይ ሸክላ ሰብሳቢዎች ናቸውና ከእነሱ ልጀምር፤ ቀጥዬ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጃዝ በኒው ኦርሊንስ ከተማ በጥቁሮች ሰፈር ሲወለድ የቀረጸው ሰው አልነበረም። በዚያ ከተማ ከሁሉ በፊት ስሙ የሚጠራው ኮርኔት ነፊው በዲ ቦልደን ነው። በ1907 አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ፤ በ1931 እዚያው ሞተ። የሱ የሆነ አንድም ሸክላ ዛሬ በእጃችን የለም። የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ የወጣው በ1917 ሲሆን፣ የተጫወቱት ደግሞ ነጮች ነበሩ። በኪንግ ኦሊቨር የሚመራው የጥቁሮች ባንድ፣ ወጣቱን ሉዊ አርምስትሮንግን ይዞ ሸክላ ለመቀረጽ የበቃው ገና በ1923 ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ታሪኩን በሸክላ ብቻ የሚከተል ሰው ከመነሻው ይሳሳታል ማለት ነው። ሸክላው የሚነግረን ማን እንደ ተቀረጸ እንጂ ማን እንደ ጀመረ አይደለም።

ደግሞስ ሸክላው ራሱ ምን ነበር? ላክ ከምትባል ትንሽ ነፍሳት ሙጫ የተሠራ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር፣ ባንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚይዝ፣ ከእጅ ከወደቀ የሚሰበር ነገር። ማታውን ሙሉ ሲጫወት ያድር የነበረ ባንድ፣ ስቱዲዮ ሲገባ ነገሩን ሁሉ በሦስት ደቂቃ ጨርስ ይባላል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ደግሞ የሸክላ ገበያ ወደቀ፤ የጥንቶቹ ሸክላዎች በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው ተጣሉ። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1942፣ ሙጫው ስለ ጠፋ አሮጌ ሸክላ እየተሰበሰበ እንደ ገና ይፈጭ ጀመር። ስንቱ ድምፅ ዱቄት ሆኖ እንደ ቀረ እግዜር ይወቀው።

እንግዲህ በዚህ ዘመን ነው ጥቂት ወጣቶች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ እንደኛው ተማሪዎች፣ በየአሮጌው ዕቃ መደብር እየዞሩ ሸክላ መልቀም የጀመሩት። ሸክላው ላይ የተጻፈው የባንዱ ስም ነው፤ አንዳንዴም የውሸት ስም ነው። እነሱም ጆሯቸውን አቅንተው፣ «ይኼ ትራምፔት የማን ነው? ክላርኔቱንስ ማን ነፋው?» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ከእነሱ አንዱ ሻርል ደሎኔ የሚባል የፓሪስ ሰው ሲሆን፣ በ1936 እያንዳንዱን ሸክላ ከነተጫዋቾቹ ስም የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ። በኒው ዮርክም ሚልት ጌብለር የሚባል ነጋዴ በ42ኛው መንገድ ባለች ሱቁ የጠፉትን ሸክላዎች እንደ ገና እያሳተመ፣ በላያቸው የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም ያስጽፍ ጀመር። ነገሩ ተራ ይመስላል እንጂ ትልቅ ፍርድ ነው። ለአንድ ቀን ደመወዝ ነፍቶ የሄደ ሰው፣ ስሙ ተጽፎ ባለሥራ ሆነ።

ግን ስምን ከጆሮ ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ ከሸክላው ተነሥተው ሰዎቹን ፍለጋ ወጡ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ስለ ጃዝ ሰዎች መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ወጣቶች አርምስትሮንግን ሲጠይቁት ስለ ቡንክ ጆንሰን ነገራቸው። ይህ ሰው አንድም ሸክላ ሳይቀረጽ የተረሳ ትራምፔት ነፊ ነበር። ፈልገው ፈልገው በሉዊዚያና ገጠር አገኙት። ጥርሱ ረግፎ መንፋት አቁሟል፤ ጥርስና ትራምፔት ካገኘሁ ግን እነፋለሁ አለ። ገንዘብ አዋጥተው ሁለቱንም ገዙለት። ጥርሱን የሠራለት የክላርኔቱ ጌታ የሲድኒ ቤሼ ወንድም ነው። በ1942 በስተርጅና ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀረጸ።

ታሪኩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ብናቆመው ውሸት ይሆናል። አንደኛ፣ ቡንክ ዕድሜውን ወደ ኋላ አርቆ፣ ከቦልደን ጋር ከመጀመሪያው አንሥቶ የተጫወተ አስመስሎ ነግሯቸዋል። እነሱም ስለ ጓጉ አመኑት፤ ኋላ ግን ተመራማሪዎች አሥር ዓመት ያህል መጨመሩን ደረሱበት። ሁለተኛውና የባሰው፣ አድናቂዎቹ ሰውዬው እንደ ጥንቱ ብቻ እንዲጫወት ፈለጉ። እሱ ደግሞ የጊዜውን ዘፈንና ራግታይም ከመረጣቸው ሰዎች ጋር መጫወት አማረው። በ1947 መጨረሻ እንደ ልቡ ተቀረጸ፤ በ1949 ሞተ። የሰብሳቢ ትልቁ ኃጢአት ይኼ ነው፤ በሕይወት ያለውን ሰው ሸክላ ሁንልኝ ይለዋል።

ሆኖም ከነስሕተታቸው አንድ ነገር ተክለዋል። ሸክላውን የወደዱ ሰዎች በኒው ኦርሊንስ የቀሩትን ሽማግሌዎች ማድመጥ ስለ ጀመሩ፣ በ1961 ፕሪዘርቬሽን ሆል የምትባል ቤት ተከፈተች። በዚያች ቤት ሽማግሌዎቹ ሕዝብ ፊት ቀርበው በየማታው ይጫወቱ ጀመር። ፍለጋው ከአቧራማ ሸክላ ተነሥቶ በሕይወት ወዳለ ሰው ደረሰ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የኛ ሸክላ ታሪክ ከጃዝ ሸክላ ይቀድማል፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው የተቀረጹት ከ1910 በፊትና በዚያው ገደማ ነው። የነፋስ መሣሪያውን ነገር ስንመረምር ደግሞ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ የአርመን ልጆች እናገኛለን። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሙዚቃ ክፍል ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርቷል። ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መጡ። ቀን ማርሽ የሚነፋ ወታደር ማታ ትዝታና ባቲን ይነፋ ነበር። ጌታቸው መኩሪያ በ1950ዎቹ ሽለላን ከሰው አፍ ወስዶ በሳክስፎን ሲያቅራራበት፣ በአሜሪካ ያሉትን አዲስ አጨዋወት ጀማሪዎች ሰምቶ አልነበረም። ያገሩን ፉከራ ነው የሰማው።

በጅማ በ1943 የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ የመጣው በሌላ በር ነው። ኢንጂነር እንዲሆን ወደ ዌልስ ተልኮ ሙዚቃ ይዞት ሄደ። በለንደን፣ ከዚያም በቦስተን በርክሊ ተማረ። በ1966 በኒው ዮርክ ሁለት ሸክላ አወጣ። ሐሳቡ ባጭሩ ይኼ ነው፦ አራቱን ቅኝቶቻችንን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ አምስት ድምፃቸውን ሳያጡ ከምዕራቡ የአሥራ ሁለት ድምፅ ስምምነት ጋር ማጋባት። ስሙንም ኢትዮ ጃዝ አለው።

ይህን ሁሉ ማን ቀረጸልን ቢባል መልሱ አንድ ደፋር ወጣት ነው። በ1948 በወጣ የንጉሡ ትእዛዝ፣ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሐ እሸቴ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ የውጭ ሸክላ ሲሸጥ ቆየና፣ «የሰው አገር ዘፈን እየሸጥኩ ያገሬን የማላሳትመው ለምንድነው?» የሚለው ጥያቄ አላስተኛው አለ። በ1969 ትእዛዙን ጥሶ ዓለማየሁ እሸቴን ቀረጸ፤ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎችም ህንድ አገር አሳተመ። የከለከለው የለም። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላ አወጣ። የሙላቱ ትልቁ ሥራ በ1974 የወጣውም በሱ ስም ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1973 መጨረሻ፣ ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዱ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ሙላቱ አብሮት ዋለ፤ ንጉሡም ሸለሙት። በሸክላ ብቻ ሲሰማ የኖረው ሰው በአካል መድረክ ላይ ቆመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኤሊንግተን ሞተ፤ በዚያው ዓመትም ንጉሡ ወረዱ።

ከዚያ ወዲያ ሰዓት እላፊ መጣ። የማታ ሙዚቃ ያለ ማታ እንዴት ይኖራል? አንዳንዱ ቤት በሩን ዘግቶ እስኪነጋ ያጫውት ነበር፤ የገባ መውጫ የለውማ! አምሐ በ1975 አገር ለቆ ወጣ። ዓሊ ታንጎ በካይፋ ሙዚቃ ቤቱ ሸክላውን ጥቂት አቆየው፤ በኋላ ግን ካሴት ሸክላን ጣለው። የዋልያስ ባንድ በ1977 መዝሙር የሌለበት፣ መሣሪያ ብቻ የሚናገርበት ሸክላ አወጣ። በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ከእነሱ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነጂ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ቡንክ ጆንሰንን ያስታውሰኛል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሣዊ በ1984 የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰማ። አላስችል ብሎት በዓመቱ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 ያ ሥራ በአውሮፓ ታተመ፤ በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ተጀመረ፤ በ1998 የወጣው አራተኛው የሙላቱ ነው። በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ሲያሰማ ዓለም ዞሮ አየን። ጌታቸውም በ2006 ልጆቹ ከሚሆኑ የሆላንድ ሰዎች ጋር አዲስ ሸክላ አወጣ፤ በ2016 ሞተ። የኃይሉን የ1985 ካሴት ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ፣ በ2013 እንደ ገና አሳተመው። ታክሲ ነጂው ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልቤን ይከፍለዋል። አንድ ልቤ ያመሰግናል፤ ባይለቅሙት ኖሮ ጠፍቶ ነበርና። ሌላው ልቤ ያፍራል። አባቶቻችን በጥቂት ብር ገዝተው፣ ካሴት ሲመጣ ለልጅ መጫወቻ የሰጡትን ሸክላ፣ ዛሬ የውጭ ሰው በውድ ዋጋ ይፈልገዋል። ሊመሰገን የሚገባውን ባዕድ መውቀስ ግን ነውር ነው። ወቀሳው ለኛ ነው፤ እኛ ጥያቄዋን አልጠየቅንማ።

ደግሞ ሸክላ ብቻውን አይበቃም። የዛሬ ሰው ሁሉም ነገር ስልኬ ውስጥ አለ ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ስልኩ ያቺን ሦስት ደቂቃ እንጂ የዛሬውን ማታ አያሰማም። ባቲ በዛሬ ልጅ እጅ ምን እንደ ሆነች ለማወቅ ቡና ይዞ ባንድ ፊት መቀመጥ ያስፈልጋል። ቤቱ ደግሞ እንደ ሸክላው ተሰባሪ ነው። በጣይቱ ሆቴል ውስጥ ጃዝአምባ የምትባል ቤት ነበረች፤ በጥር 2015 እሳት በላት። ከዚያ በፊት «ሌላ ቅዳሜ እሄዳለሁ» ያለ ሁሉ አልሄደም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ምን እናድርግ? ገንዘብ የለንም፤ ሸክላ ገዝተን አንደረድርም። ጆሮና እርሳስ ግን አለን። በብዙዎቹ ሸክላዎቻችን ላይ ያለው የዘፋኙና የባንዱ ስም ነው፤ ትራምፔቱን፣ ቤዙን፣ ከበሮውን የያዘው ሰው ስም የለም። ከእነዚያ ሰዎች ጥቂቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። አንዱ ጎረቤትህ ያሉት ጡረታ የወጡ የክቡር ዘበኛ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ የጓደኛሽ አያት ሊሆኑ ይችላሉ። በበዓል ቀን ሄደን፣ ዘፈኑን ከፍተን፣ «አባባ፣ ይቺን ማነው የሚነፋት?» ብንላቸው ምን ይቸግረናል? የሚሉንን እንጻፍ። ዕድሜ የጨመሩልን ሲመስለን እንደ ቡንክ ወዳጆች አንታለል፤ ሌላ ሽማግሌም እንጠይቅ። ማታ ደግሞ ልጆቻቸው ወደሚጫወቱበት ቤት እንሂድ፤ እነሱንም የድሮውን ብቻ ተጫወቱ ብለን አናስጨንቃቸው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ያን ማታ በጨለማ የሰማነው ሳክስፎን እስካሁን ስም የለውም። እኔ መጠየቅ ጀምሬአለሁ። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።