«አድራጊው እኔ ነኝ» ማለትን መተው፦ ባጋቫድ ጊታና የሆሳዕና አማኞች

የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1928 ከአዲስ አበባ ሲነሡ ያሰቡት ጅማ ለመግባት ነበር። ሆሳዕናና ሶዶ ላይ ቀሩ። አሥር ዓመት ገደማ ሠርተው ጣሊያን ሲያስወጣቸው፣ በሆሳዕና ዙሪያ ባሉት በሐዲያና በከምባታ የተጠመቀው ሰው ገና ጥቂት ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው፣ እነሱ በሌሉበት በብዙ እጥፍ የበዛ ምእመን ነው።

ይህን ማን አደረገው? የአማኞቹ መልስ «እግዚአብሔር» የሚል ነው።

የሂንዱ ፈላስፎችም ይህንኑ «አድራጊው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ለዘመናት ተከራክረውበታል። የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ የሆነው ባጋቫድ ጊታ በ3ኛው ምዕራፍ ሥራን ሁሉ የሚሠራው ተፈጥሮ (ፕራክሪቲ) እንደሆነ ያስተምራል፤ «እኔ አደረግሁ» የሚለው በአሃምካራ፣ ማለትም በእኔነት ስሜት፣ የታወረ ሰው ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን ፈላስፋው ሻንካራ ትምህርቱን እስከ ጫፍ ወሰደው፤ ለእሱ እውነተኛዋ ነፍስ ከቶ ምንም አታደርግም። ከእሱ በኋላ የተነሣው ራማኑጃ ግን ነፍስ በእርግጥ አድራጊ ናት፣ የምታደርገው ግን አምላክ ሲፈቅድና ኃይል ሲሰጣት ነው ይላል። የሆሳዕናው አማኝ ለራማኑጃ ይቀርባል።

ይበልጥ የሚያስተምረው የጊታ 18ኛው ምዕራፍ ነው። ለማንኛውም ድርጊት አምስት ምክንያቶች ይቈጥራል፦ ሥፍራው፣ አድራጊው፣ መሣሪያው፣ ልዩ ልዩ ጥረቱና መለኮታዊው ኃይል። አድራጊው ከአምስቱ አንዱ ነው፤ ብቻውን እንደሠራ ቢያስብ ይሳሳታል፣ ከቍጥሩ ግን አልተፋቀም። በዚህ መነጽር ሲታይ የሆሳዕና ታሪክ ይሰፋል። ሥፍራው የሐዲያና የከምባታ ቀበሌዎች ናቸው፤ መሣሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፤ ጥረቱ በእግር የተኬደው መንገድ፣ በወረራው ዘመን የተቀበሉት እስርና ግርፋት። አድራጊዎቹም ስም አላቸው፤ ከአገሬው አማኞች አባ ጎሌ አንዱ ናቸው።

እዚህ ላይ ጥብቅ ልዩነት መደረግ አለበት። አድራጊነትን መተው ባለቤቱ ስለ ራሱ የሚፈጽመው ነው። ሰባኪው «እኔ አይደለሁም» ሲል ትሕትና ነው፤ ታሪክ ጸሐፊው «እሱ አይደለም» ብሎ ስሙን ቢዘልል ግን የሰውን ድካም መሰረዝ ይሆናል። በጊታ ውስጥ አምላኩ ክሪሽናም ጦረኛውን አርጁናን መሣሪያ ብቻ እንዲሆን ሲያዝዘው፣ ከጦር ሜዳው እንዲሸሽ አልፈቀደለትም።

ብራያን ፋርገር እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው፣ ከ1927 እስከ 1944 ያለውን የደቡብ አብያተ ክርስቲያናት አነሣሥ በሚመረምረው ጥናቱ፣ እንቅስቃሴውን የአገሬው አማኞች የራሳቸው አድርጎ ያየዋል። በሐዲያና በከምባታ ገና በየቤቱ ያለው የቃል ምስክርነትም በዚሁ ዓይን ሊሰበሰብ ይገባዋል።