ፒክአፑ እንዴት የቤታችን መኪና ሆነ? የናፍጣ ሞተር፣ የሞያሌ መንገድና የእኛ ሂሳብ

ሰሞኑን ሦስት እህቶች በተለያየ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «አሮጌዋን ሃይሉክስ ልሽጣት ወይስ ሞተሯን ላሠራት?» ጥያቄው የመኪና ይመስላል እንጂ የኑሮ ነው። በእኛ ቤት ያቺው መኪና ሰኞ ቦሎቄ ጭና ወደ ሞያሌ ትወርዳለች፣ ረቡዕ ሳሙናና ፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ትመለሳለች፣ ቅዳሜ ሰርገኛ ታደርሳለች፣ ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት ካለች ጤና ጣቢያ ትወስዳለች። እሷን መሸጥ ሱቁንም የቤቱንም እግር መሸጥ ነው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት መኪናው ከየት እንደመጣና ለምን ከእኛ ጋር እንደቀረ ላስታውሳችሁ። ታሪኩን ያወቀ ሰው ሂሳቡን አይሳሳትም ብዬ ነው። ዓመቶቹን በኬንያ በኩል ላላችሁትም እንዲመች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ሞተሩ

የናፍጣን ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። የፈጠራ መብቱን ያመለከተው በ1892 ሲሆን፣ በአውግስበርግ ከተማ በትክክል የሠራለት ሞተር የተፈተነው በ1897 ነው። አሠራሩ አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል በሚለው ላይ የቆመ ነው። የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ ሲሞቅ ያውቀዋል። በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ታምቆ በጣም ሲግል ናፍጣው ይረጭበታል፤ ያለ ብልጭታ በራሱ ይነዳል። የናፍጣ መኪና ካንዴላ የሌለው ለዚህ ነው።

ይህ ለነጋዴ ትርጉም አለው። ካንዴላና የካንዴላ ገመድ ስለሌለው እርጥበት በቀላሉ አያጠፋውም። አየሩን አብዝቶ ስለሚያምቅ ለአንድ ሥራ የሚጠጣው ነዳጅ ከቤንዚኑ ያነሰ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞርም ጉልበት አለው፤ ዳገት ላይ ጭነት ይዞ የቆመ መኪና ሲነሳ ልዩነቱ ይታያል። በምትኩ ይከብዳል፣ ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ሲገዛም ውድ ነው።

በአገራችን የናፍጣ መኪና ታሪክ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። በ1935 የጣሊያን ጦር ሲወረን በሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች አሰልፎ ነበር። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በዚያው ዓመት በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ከማዕቀቡ ውጭ ተወው። ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ እነዚያ መኪኖች ተራራውን እንዴት ይወጡት ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ወራሪው በ1941 ተሸንፎ ሲወጣ መንገዶቹና ጋራዦቹ ቀሩ፣ ብዙ ጣሊያናዊ መካኒኮችም ቀሩ። ቃላቱም ቀሩ። ጋቢና፣ ካሶኒ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ፣ ካንዴላ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ናፍጣ የሚለውም ጣሊያኖች ለዚሁ ነዳጅ ከሚሉት «ናፍታ» ጋር አንድ ነው። ዛሬ የጃፓን መኪና ይዘን ጋራዥ ስንገባ የምንነጋገረው በእነዚያ ቃላት ነው።

ፒክአፑ

ለረጅም ጊዜ የሩቅ መንገድ ጭነት የትልልቆቹ የፊያት መኪኖች ነበር። አነስተኛ ነጋዴ በእነሱ ላይ ቦታ ተከራይቶ ይጭናል፣ ወይም ግመልና አህያ ይጠቀማል። የራሱን ትንሽ ጭነት በራሱ ሰዓት የሚያንቀሳቅስበት አልነበረውም። ይህን ክፍተት የሞላው ፒክአፕ ነው።

ቶዮታ ሃይሉክስን ለገበያ ያወጣው በ1968 ነው። ስሙ «ከፍተኛ» እና «ምቾት» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተገጣጠመ ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ የሄደ ሰው ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም። የመጀመሪያው በቤንዚን የሚሠራ ነበር። የናፍጣ ሞተርና የአራቱም ጎማ መንጃ የመጡለት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ እኛ ሞተሮቹን በስማቸው የምንጠራቸው «ቱ ኤል»፣ «ስሪ ኤል»፣ «ፋይቭ ኤል» ተከታተሉ፤ 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትር ናቸው። ተርቦ የላቸውም፣ ኮምፒውተር የላቸውም። ፖምፓቸው በሞተሩ ኃይል ብቻ የሚዞር ነው። በላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ ከ1990 ጀምሮ የገባው ባለ 4.2 ሊትሩ «ዋን ኤች ዜድ»ም የዚያው ዓይነት ነው።

በኬንያ በኩል ታሪኩ ትንሽ ይለያል። በዚያ ለብዙ ዓመታት የገበሬውና የነጋዴው መኪና ፔጆ 504 ፒክአፕ ነበር። 504 በ1975 እና በ1978 የሳፋሪን ራሊ ያሸነፈ መኪና ስለሆነ ስሙ ገኖ ነበር፤ እዚያው ኬንያ ውስጥም ይገጣጠም ነበር። አይሱዙም እንዲሁ ናይሮቢ ውስጥ ይገጣጠማል። የሜሩን ጫት ወደ ናይሮቢ የሚያበሩት ፒክአፖች በዚያ አገር የታወቁ ናቸው። ጫት በአንድ ሁለት ቀን ዋጋው የሚወድቅ ዕቃ ስለሆነ ትልቅ መኪና እስኪሞላ አይጠብቅም። በእኛም በኩል ከአወዳይ በጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚወርደው ጫት ሩጫው ያው ነው።

የፒክአፕ ሌላ ገጽታም አለ። በ1987 በቻድና በሊቢያ መካከል የተደረገው የመጨረሻው ውጊያ «የቶዮታ ጦርነት» ተብሏል፤ የቻድ ወታደሮች በቶዮታ ፒክአፕ እየሮጡ ታንክ የያዘውን ጦር ስላሸነፉ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሶማሊያ ውስጥ ካሶኒው ላይ መትረየስ የተጠመደበት ፒክአፕ «ቴክኒካል» ተባለ። ኬላ ላይ ከአውቶሞቢል ይልቅ የእኛ መኪና ደጋግማ የምትፈተሽበት አንዱ ምክንያት ይህ ታሪክ ይመስለኛል። ለነጋዴ መልካም የሆነው ጉልበትና ፍጥነት ለተዋጊም መልካም ነው።

መሪውና መንገዱ

ኢትዮጵያ እስከ 1964 ድረስ በግራ ትነዳ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተቀየረ። ኬንያ ግን እስካሁን በግራ ነው የምትነዳው። በዚህ የተነሳ የኬንያ መኪና መሪው በቀኝ፣ የእኛው በግራ ነው። ቀኝ መሪ መኪና በእኛ አገር ታርጋ አያገኝም። በሶማሌላንድ ደግሞ በቀኝ እየነዱ አብዛኛው መኪና ቀኝ መሪ ነው። ስለዚህ ናይሮቢ ርካሽ መኪና አየሁ ብሎ ገዝቶ መምጣት አይቻልም። የአነስተኛ ነጋዴ ጭነትም ሞያሌ ላይ ከአንዱ ካሶኒ ወደ ሌላው ይገለበጣል። በዚያ ግልበጣ ስንት ወዛደር፣ ስንት ሻይ ቤት፣ ስንት ደላላ እንደሚኖርበት የምታውቁት ናችሁ።

መንገዱን ያረጀ ሰው ይናገረው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀድሞ ድንጋይና አቧራ ነበር። መኪኖች በጥበቃ ታጅበው በቡድን ይሄዱ ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ቀናት ይፈጃል። አስፋልቱ በ2010ዎቹ አጋማሽ ተጠናቆ ዛሬ በአንድ ቀን ይገባል። በታኅሣሥ 2020 የሁለቱ አገር መሪዎች ሞያሌ ላይ የአንድ ማዕከል የድንበር መቆጣጠሪያውን መረቁ፤ በዚያው ቀን የሐዋሳ ሞያሌ መንገድም ተመረቀ።

ጥሩ መንገድ ለፒክአፕ ምን አመጣ? የሩቁን ጭነት ትልልቆቹ መኪኖች ወሰዱት። ለእኛ የቀረው ከገበሬው ደጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከመጋዘን እስከ ሱቅ ያለው አጭር ጉዞ ነው። የተረፋትን ጊዜ ቤተሰቡ ወሰደው። ፒክአፑ የዕለት መኪና የሆነው እንዲህ ነው፤ እኛ ሳናስበው።

ነዳጁ

ኢትዮጵያ የራሷ ማጣሪያ ነበራት። የአሰብ ማጣሪያ በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 ተዘጋ። ዛሬ የምንቀዳው ናፍጣ ሁሉ ተጣርቶ ከውጭ ይገዛል፣ በብዛትም በጅቡቲ በኩል ይገባል። ከጅቡቲ እስከ ሞያሌ አገሩን አቋርጦ ስለሚመጣ ጫፍ ላይ ያለን ሰዎች እጥረቱን ቀድመን እንቀምሳለን። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ የእኛ ዓይነቱ መኪና ቀስ በቀስ ሙሉ ዋጋ ከፋይ ሆነ። በ2023 ደግሞ ክፍያው በስልክ ሆነ። ማደያው ሲደርቅ ጀሪካን ይወጣል። ጀሪካን ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሸጠው ሰው ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ የታመሙ አክስቴን ጋቢና ውስጥ አስቀምጬ ከሜጋ ወደ ያቤሎ ስሄድ መኪናዋ አንገራግራ ቆመች። ጠዋት ከመንገድ ዳር የገዛሁት ናፍጣ ውሃ ነበረበት። የሚያልፍ የአይሱዙ ሾፌር ቆመልኝ። የፊልትሮውን ታች ፈታ፣ ውሃውን አፈሰሰው፣ በእጅ መጫኛው አየሩን አስወጣ፣ አስነሳት። ከግማሽ ሰዓት አልፈጀም። መኪናዋ ስሪ ኤል ስለነበረች ነው። የአሁኖቹ ኮመን ሬል የሚባሉት ሞተሮች ናፍጣውን ከ1000 ባር በላይ ጨምቀው በኮምፒውተር ትእዛዝ ይረጩታል። ጉልበታቸው የበለጠ፣ ጭሳቸው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ከገባባቸው ኢንጀክተሮቹ ይበላሻሉ፣ መኪናው በሌላ መኪና ተጎትቶ ይሄዳል። አክስቴ በዚያ ቀን ሐኪም ዘንድ የደረሱት ሞተሩ አሮጌ ስለነበር ነው ብል አላጋነንኩም።

ሂሳቡ

አሁን ወደ እህቶቼ ጥያቄ ልመለስ። ንግድ ሥራ ስንማር ከሁሉ የማይረሳኝ የእርጅና ተቀናሽ ነው። መኪና በየዓመቱ ያልቃል፤ ያለቀውን ያህል ከትርፍ ላይ መቀነስ አለበት። ለምሳሌ አንድ ሚሊዮን ብር የወጣባት መኪና በአሥር ዓመት ታልቃለች ብንል፣ በየዓመቱ መቶ ሺህ ብር ትርፍ አይደለም፣ የመኪናዋ ገንዘብ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ይህ ትምህርት ተቀባይ የለውም፤ አሮጌ መኪና ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ በዓይናችን እናያለንና። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ በኋላ ይህ ይበልጥ ጨመረ። «ነድቼባት አተረፍኩ» ይባላል። እውነቱ ግን የጨመረው የመኪናዋ ዋጋ ሳይሆን የወረደው ብሩ ነው። ሸጠሽ ምትኳን ልትገዢ ስትሄጂ ገንዘቡ አይበቃም። ስለዚህ የተቀናሹን ገንዘብ እኔ በብር አላስቀምጥም፤ ጎማ፣ ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ዕቃ ገዝቼ አስቀምጥበታለሁ፣ የቀረውን ወደ ሸቀጥ እመልሰዋለሁ።

ሌላው የቤት ጉዞ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ጉዞ በደብተር ጻፍኩ፣ «ለንግድ» እና «ለቤት» ብዬ። ከሦስት ጉዞ አንዱ ለቤትና ለጎረቤት ሆኖ አገኘሁት። ይህ አያስቆጨኝም፤ ሰው ምጥ ይዞት ሂሳብ አይጠየቅም። ነገር ግን ያንን ናፍጣ ከሸቀጡ ላይ ስቀንስ ኖሬ ቦሎቄ አያዋጣም እል ነበር። ቦሎቄው አዋጥቶ ነበር፣ ሰርጉ ነው የበላው።

ዛሬስ

በጥር 2024 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ መንገድ በዝቷል፣ ለከተማ ኑሮም መልካም ነው። ለያቤሎ ሞያሌ ግን ታሪኩን ልብ በሉ። ፊያቱም፣ ፔጆውም፣ ሃይሉክሱም በመንገዳችን የቀሩት በየከተማው የሚጠግናቸው ሰው፣ የሚቀዳላቸው ነዳጅና የሚገኝላቸው ዕቃ ስለነበረ ነው። ለኤሌክትሪኩ ፒክአፕ ይህ በመንገዳችን የተሟላ ቀን መጀመሪያ ከሚገዙት አንዷ እሆናለሁ፤ ከጀሪካን ናፍጣ የሚገላግለኝን አልጠላም።

እስከዚያ ምክሬ ይህ ነው። ሻሲዋ ያልዛገ፣ ሞተሯ የቀድሞው ዓይነት ከሆነ አሠሪያት። ፊልትሮዋን በጊዜው ቀይሪ፣ የፊልትሮውን ውሃ በየሳምንቱ አፍስሺ፣ ከጀሪካን ስትቀጂ አሳድረሽ ከላይ ከላዩ ቅጂ። ሻሲዋ ከበሰበሰ ግን ሞተር ላይ ገንዘብ አትጨምሪ፤ ሳይዘገይ ሽጫትና ገንዘቡን በዚያው ሳምንት ወደ መኪና ወይም ወደ ሸቀጥ መልሺው። ደብተሩንም ዛሬ ጀምሪ። ከቻላችሁ የአንድ ወር ጉዟችሁን ጽፋችሁ የቤቱ ድርሻ ስንት እንደወጣ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

በሰላም ግቡ።