የፕሮስቴት ዕጢ ማደግና የጥቁር እንጨት ቅርፊት

የፕሮስቴት ዕጢ ከሽንት ፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን ከቦ የሚገኝ የወንዶች ዕጢ ነው። ዕድሜ ከ50 ሲያልፍ በብዙዎች ላይ እያደገ ቧንቧውን ይጫናል፤ ሽንት ይቆራረጣል፣ ሌሊትም ደጋግሞ ከእንቅልፍ ያስነሣል። ይህ ዕድገት ካንሰር አይደለም።

በአገራችን ደጋ ደኖች የሚበቅለው የጥቁር እንጨት ቅርፊት ለዚህ ሕመም በዓለም ገበያ ይፈለጋል። ከቅርፊቱ ተጣርቶ የሚወጣው ንጥረ ነገር በድምሩ 1,562 ወንዶች በተሳተፉባቸው 18 ሙከራዎች ተፈትሾ የሌሊቱን መነሣት በ19 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ሙከራዎቹ ግን ትንንሽና አጫጭር ነበሩ። ዝነኛው የአሜሪካ ዘንባባ ሶ ፓልሜቶ ደግሞ፣ በ225 ወንዶች ላይ ለአንድ ዓመት ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ውጤት፣ መድኃኒትነት ከሌለው አስመሳይ እንክብል አልተሻለም። ምልክቱ በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ ስለሚል «ጠጥቼ ተሻለኝ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የተፈተነው መጠኑ የተለካ መድኃኒት እንጂ በቤት የተቀቀለ ቅርፊት አይደለም። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍም ይደርቃል፤ ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ቁጥጥር የሚደረግበትም ዛፉ እየተመናመነ በመሄዱ ነው።

ከጨንቻ ደጋም ሆነ ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ቆላ፣ ሽንቱ ፈጽሞ የተዘጋበት ወይም ደም የቀላቀለበት አባት ቅርፊት ሳይሞክር በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል።